ኔቪል ሲያከብር

ኔቪልን አልወደውም። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ኋላ ላይ አንድ ሁለት ደህና ነገር ካመለጠኝ ማንም ሰው ታረቁ ብሎ እንዳያስወራ። የባሌ የሮይ ታናሽ ወንድም ነው። ታዝማንያ ውስጥ፣ በዚሁ በእኛ ሸለቆ ተወልዶ በዚሁ አረጀ። ከደሴቷ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለጥርሱ ሜልቦርን ሄዶ፣ ሰዉ ሁሉ ትሁት ነው ብሎ ተናዶ ተመለሰ።

ሥራው ቼሪ የሚባለው ትንሽ ቀይ ፍሬ በሚለማበት እርሻ የለቃሚዎች አለቃነት ነው። እኔ ደግሞ ለቃሚዎቹን ከድንኳን ሰፈራቸው እርሻ፣ ከእርሻ ድንኳን ሰፈራቸው የማመላልስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። በየዓመቱ በጋው ሲገባ ከዓለም ዙሪያ ሻንጣ ያዘሉ ልጆች ይመጡልናል። የሚመጡት በአንድ ዓመት ፈቃድ ነው፤ እየዞሩ አገር ያያሉ፣ እየሠሩ ይበላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ማመልከት አይችልም። ሁለተኛ ዓመት መቆየት የፈለገ ደግሞ ሦስት ወር ገጠር ገብቶ ወገቡን መስበር አለበት። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ቼሪ ለቅሞ እንደማያውቅ እወራረዳለሁ። ያለ እነዚህ ልጆች ግን ቼሪያችን ዛፍ ላይ ይበሰብስ ነበር። ሸለቆው ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይጠላቸዋል። መጠጥ ቤቱ ቢራ ይሸጥላቸዋል፣ በሩ ሲዘጋ ያማቸዋል።

የኔቪል ጥላቻ ግን በአደባባይ ነበር። ገና ከሚኒባሴ ሲወርዱ ጀምሮ ይቀበላቸዋል። «መጡ እነ ጎታታ! አንተ ቀይ ሹራብ፣ ትናንት የለቀምከውን አይቼ እንቅልፍ አጣሁ፤ እናትህ ይህን እጅህን ቆርጣ ብታስቀርልህ ይሻል ነበር።» ከዚያ መሰላል ሥር እየዞረ ባልዲያቸው ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ይከታል። የሚፈልገው ጉጥ ነው። ቼሪ ከነእንጨቷ ነው የምትለቀመው፤ እንጨቷ ግን ከቅርንጫፉ ጋር የምትያያዝበት አንዲት ትንሽ ጉጥ አለች። እሷን የገነጠለ ሰው የዘንድሮን ብቻ ሳይሆን የመጪውን ዓመት ፍሬ ነው ይዞ የሚወርደው፤ በዚያ ቦታ ዳግመኛ አይበቅልም። በበጋው ሦስት ጉጥ የተገኘበት ይባረራል። ከእኛ ዘንድ የተባረረን ደግሞ ሌላ እርሻ አይቀጥረውም፤ ኔቪል ሁሉንም ያውቃቸዋል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሸለቆ ሰው የሚሰድበው የሚፈልገውን ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱን በሰላሳ ዓመት ትዳራቸው በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም፤ አንድ ቀን በስሟ ሲጠራት ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ዘንድ ሄዳ መጥፎ ነገር ተነገራት እንዴ ብሎ ደነገጠ። ኔቪልም እንዲሁ ነው። አንድ ፈረንሳዊ ልጅ ነበር፤ በጋውን ሙሉ «አንተ የበሰበሰ እንቁራሪት» ሲለው ከርሞ፣ ልጁ ሲሄድ የገዛ ካፖርቱን አውልቆ ሰጠው። ስድቡ እያለ ሥራም አለ። የሚያስፈራው ሲያከብር ነው። ኔቪል ባርኔጣውን ካነሳልህ አለቀልህ። ጠዋት ሚኒባሴ ውስጥ ገብቶ «ዛሬ አለቃችን ጥሩ ስሜት ላይ ነው፣ እባክህ አለኝ» ያለኝን ጀርመናዊ፣ ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን ጭኜ አውቶቡስ ማቆሚያ አድርሼዋለሁ።

እኔን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ «ደህና አደሩ ወይዘሮ ቤሪል» ይለኛል። በየማለዳው፣ ባርኔጣውን አንስቶ። ለዚህ ነው ሚኒባሴ ውስጥ ወይዘሮ የሚለኝን ልጅ በእግሩ የማስኬደው።

ነገሩ የጀልባው ነው። ሮይና ኔቪል ከቤቴ ጀርባ ባለው ጎተራ አንድ ጀልባ ጀምረው ነበር፤ ከጥድ እንጨት፣ አባታቸው ይሠራው እንደነበረው። ግማሹን ሳንቃ እንደለበሰ ተጣሉ። «ኔቪል አንድ ሳንቃ አበላሸ፣ ተናገርኩት፣ ኮቱን አንስቶ ሄደ»፤ ሮይ የነገረኝ ይህንን ነው። ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ ሲገናኙ አንተ መባባል ቀርቶ እንደ ባንክ ሠራተኞች ይከባበሩ ጀመር። ኔቪል በሮይ ቀብር ላይ «የተከበረው ወንድሜ» ብሎ ሲናገር በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝም። ሮይ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ጀልባው ግማሽ ጎኑ የተራቆተ ሆኖ እዚያው ቆሟል። እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሳልሞት ውኃ ላይ ላየው እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ኬርቱ የመጣችው ኅዳር ላይ ነው። ኤስቶኒያ ከምትባል አገር፣ እዚያም ከአንዲት ደሴት። ረጅም ናት፤ ሚኒባሴ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ነው የምትቀመጠው። ሠላሳ ዓመቷ ነበር፣ መጋቢት ላይ ሠላሳ አንድ ይሞላታል። አትናገርም። ሌሎቹ ከኋላ ሲጮኹ እሷ መስኮት ታያለች። አንድ ቅዳሜ የረሳችውን ጓንት ልትወስድ ቤቴ መጣች፤ የጎተራው በር ክፍት ነበር። ገብታ ጀልባውን በመዳፏ እየዳሰሰች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች።

«አያቴ ይሠራ ነበር» አለች። «እኔም እይዝለት ነበር።»

ከዚያ የሮይን መጋዝ ከግድግዳው አወረደች። ሮይ በሕይወት ሳለ ያን መጋዝ ከእሱ ሌላ የነካ ሰው የለም፤ እኔም አልነካሁትም። አፌን ልከፍት ስል ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረችና ፊቷን አጨማደደች። «ደንዟል» አለች። በማግስቱ እሑድ መጥታ ሳለችው። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ጎተራው ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ እሷ ትሠራለች፣ እኔ ሻይና ፓይ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ፣ አቀርባለሁ።

«ሁለተኛውን ዓመት ካገኘሁ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ አንድ ቀን። «ቤት ብመለስ ዕድሜዬ ያልፋል፤ ሌላ መምጫ የለኝም። አያቴ ሳያስተምረኝ የሞተው ነገር አለ፤ ሠርቼ ነው የምማረው።» ከእሷ ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። እንግዲህ የእሷ ዓመትና የእኔ ጀልባ አንድ ላይ በኔቪል እጅ ወደቁ ማለት ነው።

ኔቪል ኬርቱ እሑድን በማን ጎተራ እንደምታሳልፍ ሲሰማ ስድቡን ጨመረ። «መጣች ቀውላላዋ! አንቺ የስልክ እንጨት፣ መሰላል ለምን ትወስጃለሽ? ጎንበስ ብለሽ ልቀሚ እንጂ!» «አንቺ ዲዳ፣ ትናንት ዛፉ ነው የለቀመሽ ወይስ አንቺ ነሽ የለቀምሽው?» ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር፤ የተሰደበች ልጅ ትቆያለች። ችግሩ ኬርቱ ይህን አታውቅም። እሷ የመጣችበት ደሴት ሰው ሳያስፈልገው አፉን አይከፍትም፤ ክፉ ቃል ከወጣው ደግሞ ከልቡ ነው። በየቀኑ የምትሰማውን ሁሉ እንደ ጥላቻ እየቆጠረች፣ ዝም ብላ እየዋጠች፣ ከእርሻው አንደኛ ለቃሚ ሆነች።

ጥር ላይ አንድ ሰኞ የታጠበ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። እኔ ሚኒባሱን እያዞርኩ ነበር። ሁሉም በተሰበሰበበት ኔቪል ፊት ሄዳ ቆመች።

«አቶ ኔቪል፣ እባክዎ አይስደቡኝ። በአገሬ ሰው እንዲህ የሚናገረው ሲጠላ ብቻ ነው። እኔ በሥራዬ አላጠፋሁም።»

ኔቪል ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት» አላት። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ማታ ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ ተቀመጠች። እየሳቀች ነበር፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ቤሪል፣ ይቅርታ ጠየቀኝ እኮ! እመቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ እመቤት ሲለኝ ዋለ። ባልዲዬንም ሁለት ጊዜ አየልኝ።»

«ምን አገኘ?»

«አንድ ጉጥ። ግን በጣም በትህትና ነው ያሳየኝ።»

መንገዱ ጠማማ ባይሆን ኖሮ መሪውን ለቅቄ ጭንቅላቴን እይዝ ነበር። ሰው ሁሉ ያለ ጥፋት ጉጥ ይገነጥላል፤ በቀን መቶ ባልዲ ቢፈተሽ አንድ አይጠፋም። ኔቪል ከሚሰድበው ሰው ባልዲ ጉጥ ሲያገኝ ኪሱ ከትቶ «አንተ ዛፍ ገዳይ» ብሎ ያልፋል። በሚያከብረው ላይ ግን ይቆጥራል። ረቡዕ ሁለተኛውን አገኘባት።

ሐሙስ ጠዋት ልጆቹን አውርጄ ቀጥ ብዬ ወደ እሱ ሄድኩ። «ኔቪል፣ ልጅቷን ተዋት። ደሞዟን ያገኘችው በላቧ ነው። የተጣላኸው ከሮይ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር አይደለም።»

«ወይዘሮ ቤሪል፣ እኔ የታዘዝኩትን ሥራ ነው የምሠራው።»

«አንተ ቂመኛ፣ አንተ የኮመጠጠ ወተት! የመጪው ዓመት ቡቃያ ተቆረጠ ብለህ ነው የሰው ዓመት የምትቆርጠው?»

«መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለኝ። ባርኔጣውን አነሳ። ሃያ አንድ ዓመት የወረወርኩበት ስድብ ሁሉ እንዲህ ነው የተመለሰልኝ፤ ከድንጋይ ጋር መጣላት ይሻላል።

ማታ ኬርቱን ጎተራ ወሰድኳትና ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ታኅሣሥ ላይ የተባረረውን የጀርመናዊውን ልጅ ሻንጣ ስጭን አብራኝ እንደነበረች አስታወሰች።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሄጄ ስደበኝ ልበለው?»

«አይሆንም። ትሰድቢዋለሽ። ሰው ፊት፣ አሳምረሽ። ያኔ ወይ ይሰድብሻል ወይ ያባርርሻል። አሁን በያዘው መንገድ ግን መባረርሽ የተቆረጠ ነው። በይ ሞክሪ፤ እኔ ኔቪል ነኝ።»

ቀጥ ብላ ቆመች። ረጅም ጊዜ አሰበች። «አንተ… ትንሽ የሚያሳዝን ሰው ነህ።»

«ይኼ ስድብ ነው? ሐኪም ነው እንዲህ የሚለው! እንደገና።»

«አንተ አህያ።»

«ድምፅሽ የታለ? አህያ መሆኑን እያበሰርሽው ነው ወይስ እየሰደብሽው?»

«አልችልም ቤሪል። አህያ አይደለማ። የማላምንበትን ነገር መናገር አይሆንልኝም።»

ተናደድኩ። «እንግዲያው እውነት የሆነ ስድብ ፈልጊ!» አልኳት። ጀልባው አጠገብ ቆማ ስታስብ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ አረፈ። ከሥር ሦስተኛው ሳንቃ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፣ መሐሉ ላይ ጣት ያስገባል።

«ይህን ማን ነው የቆረጠው?» አለች። «ከመጣሁ ጀምሮ ልጠይቅሽ ስፈልግ ነበር።»

«እሱ ራሱ» አልኳት።

መዶሻ አንስታ ሳንቃውን ነቀለችው።

አርብ ዘነበ። ቼሪ ውኃ ከጠጣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ዝናብ ሲያባራ ሄሊኮፕተር ይመጣና በዛፎቹ አናት ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ውኃውን በነፋሱ ያራግፋል። ለቃሚው ሁሉ እስኪደርቅ ድረስ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። እኔም እዚያው ነበርኩ። ኔቪል ከዝናቡ በፊት የተለቀሙትን ባልዲዎች ሲፈትሽ ቆይቶ መጣ። መዳፉ ላይ አንዲት ጉጥ አለች።

«እመቤት ኬርቱ» አለ፣ ከሄሊኮፕተሩ ድምፅ በላይ። «ካላስቸገርኩዎ ከሻይ በኋላ ቢሮ ብቅ ይበሉልኝ።»

የቆዩት ልጆች ዓይናቸውን ኩባያቸው ውስጥ ተከሉ። ኬርቱ ኩባያዋን አስቀመጠችና ተነሳች። ሄሊኮፕተሩ እስኪርቅ ጠበቀች፤ ድምፅ የማታወጣ ልጅ ናት፣ ጸጥታ ያስፈልጋታል።

«ኔቪል» አለች። «እዚያ ጀልባ ላይ አንድ ሳንቃ አለ። ከሥር ሦስተኛው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መጥፎ ሳንቃ አላየሁም። አያቴ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር፤ ሰክሮ፣ ሻማው ጠፍቶበት፣ ከዚያ የተሻለ ይቆርጣል። ነቅዬ ለቤሪል ዶሮዎች መወጣጫ ላደርገው ነበር፤ ዶሮዎቹም እምቢ አሉ። አንተ እጀ ድንጋይ! ጥድ የሚያህል ዛፍ በከንቱ የገደልክ ሰውዬ፣ ለእኔ ጉጥ ትቆጥራለህ?»

አንዲት ኮሪያዊት ልጅ ብስኩቷን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። ኔቪል ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እሷን ሳይሆን እኔን፣ ለረጅም ጊዜ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ነገር ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ጉጧን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አንቺ ቀውላላ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገና ጮኸ። «አንቺ አፍ አውጥቶ የሚሄድ የስልክ እንጨት! ይኼ ሁሉ ምላስ ነበረሽና ነው በጋውን ሙሉ በነጻ ጆሮዬን ያሳረፍሽው? ተነሺ፣ ዛፉ ደርቋል! እናንተስ ምን ትገተራላችሁ፣ የሙት ልጆች ይመስል!»

ወደ ዛፎቹ እየሮጡ ሄዱ። ማታ ኬርቱ ሚኒባስ ገብታ «ተባረርኩ?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «ገና ዛሬ ተቀጠርሽ።»

ቼሪው እስኪያልቅ እየተሰደበች ለቀመች፤ መሳደብም ለመደች፣ ስድቧ እውነት እውነቱን ብቻ ስለሆነ ከኔቪል ስድብ ይልቅ ያማል። እርሻው ሥራዋን መሰከረላት፣ ከልደቷ በፊት አመለከተች፣ ሁለተኛው ዓመት ተፈቀደላት። እኔ ፓይ ጋገርኩ። እሷ አንድ ቁራጭ በልታ «ጥሩ ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መጋቢት ላይ አንድ እሑድ የሦስተኛውን ሳንቃ ምትክ እየገጠምን ነበር። ሳንቃ እንዲታጠፍ በእንፋሎት ሳጥን ውስጥ ይቀቀላል፤ ሲወጣ ቶሎ በጀልባው ጎን ላይ ታጥፎ ሞርሳ በሚባለው ማጥበቂያ ብረት ካልተያዘ ይደርቅና እምቢ ይላል። ገና እንዳወጣነው በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ኔቪል ነበር። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ደፍ ላይ ቆሞ አያውቅም። ወደ ውስጥ አልገባም።

«ዶሮዎቹ ያልወደዱት የታለ?» አለ።

ኬርቱ እጇ ስለተያዘ በአገጯ አሳየችው። አሮጌው ሳንቃ ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ኔቪል እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፣ መሐሉ ላይ የጎደለውን ጠርዝ በጣቱ ለካው።

«እኔ አልቆረጥኩትም» አለ፣ ለኬርቱ። «ሮይ ነው። እኔ ጣለው፣ ሌላ እንቁረጥ አልኩት። ከጎተራዬ ውጣ አለኝ። ወጣሁ።»

ውሸታም ልለው አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ መጋዙ ላይ አረፈ። ያን መጋዝ ሮይ ለማንም አስነክቶ አያውቅም፤ ለወንድሙም ቢሆን። ኔቪል በዚህ ጎተራ ውስጥ ሳንቃ ይይዝ ነበር እንጂ አንድም ቀን አልቆረጠም። ይህን ሁልጊዜ አውቀው ነበር፤ ሁለቱን ነገር ግን አንድ ላይ አስቀምጬ አላሰብኩትም። ሮይን ሠላሳ አራት ዓመት ወድጄዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ከመቃብሩ አውጥቼ ላንቀው ፈለግሁ።

ኔቪል ባርኔጣውን አነሳልኝ። «ስለረበሽኩዎ ይቅርታ ወይዘሮ ቤሪል» ብሎ ዞሮ ሄደ።

የያዝኩትን ትቼ እስከ በሩ ሮጥኩ። «ኔቪል! አንተ ግትር በቅሎ! አንተ ዲዳ ግንድ! ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እያየኸኝ አንድ ቃል መናገር አቅቶህ ነው? ምን ዓይነት ከንቱ ሰው ነህ? ወንድምህ እኮ ሞተ! ሞተ እኮ! አሁን ማንን ልጣላ?»

መኪናው ጋ ደርሶ ነበር። በሩን ይዞ ቆመ። ፊቱን አላዞረም።

«በሩን ዝጊው፣ አንቺ አሮጌ ጥንብ አንሳ!» አለኝ። «ሳንቃው እየቀዘቀዘ ነው!»

በሩን ዘጋሁት። መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። ኬርቱ ሳንቃውን በትከሻዋና በጉልበቷ ጎኑ ላይ ደግፋ «ሞርሳውን ቤሪል፣ ሞርሳውን» ትለኛለች። እንባዬ አላሳየኝም፤ በዳበሳ አገኘሁትና አጠበቅሁት።